የጓዳችን ውሃ

ደብረ ታቦር ውስጥ ውሃ ያጣ ሰው ሞልቶ ነበር። ውሃ በዝቶበት ቤቱ ሊፈርስ የደረሰ ግን በሰፈራችን እኛ ብቻ ነበርን። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔ ያን ጊዜም አልሳቅሁ፣ ዛሬም አያስቀኝም።

ቤታችንን አባቴ ከዋናው መንገድ በላይ ዳገቱን ቆርሶ ነው የሠራው። የወይራ ምሰሶ፣ በጭድ የተቦካ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴና እኔ ቀረንበት። እኔ እዚያው ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ እናቴ ጠላ ትጠምቅ ነበር። ከዚያ ቤት ሌላ የእኛ የምንለው ነገር አልነበረንም። እናቴ «ባሌ ነው የሞተ እንጂ ቤቱ አልሞተብኝ» ትል ነበር። በየዓመቱ ግድግዳውን በእጇ ስለምትለቀልቀው የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅ፣ የቱ ጋ እንደሚያብጥ እንደ ሰው ገላ ታውቀዋለች።

ዝናቡ የከበደ ዓመት፣ ነሐሴ ላይ መሬቱ ይጠግብና ከኋላው ግድግዳ ሥር፣ ከጓዳችን፣ ውሃ ይፈልቃል። ክረምት አመጣሽ ነው። መስከረምንና ጥቅምትን ቆይቶ ኅዳር ሲገባ ራሱ ይነጥፋል። ይህን ዳገቱ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቴ በነበረ ጊዜ፣ ገበሬ በማሳው መካከል ፈሰስ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ከጓዳው ሥር አንድ ቀጭን ፈሰስ ቀድዶ ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ይለቀው ነበር። ውሃውም ቦዩን ይዞ ቁልቁል ወንዝ ይገባል። ማንንም አልጠየቀም፤ ጠይቅ ያለውም አልነበረም።

ከአብዮቱ በኋላ ቦዩም ባለቤት አገኘ። ይህ የማወራው ነገር በሆነበት ዓመት ቀበሌው ሕዝቡን በዘመቻ አስወጥቶ ቦዩን በድንጋይ አስነጠፈው። ለአብዮት በዓል ከአውራጃም ከክፍለ ሀገርም እንግዶች ይመጣሉ ስለተባለ የዳርና ዳሩ ድንጋይ በሙሉ ኖራ ተቀባ። ከዚያ አተላ የደፋ፣ እጣቢ የደፋ፣ ማናቸውንም ፍሳሽ ያለ ፈቃድ ወደ ሕዝብ ቦይ የለቀቀ እንደሚቀጣ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ቦይ ለምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ በዚያ ዘመን ጥያቄ የሚወደድ ነገር አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ጓዳችን ይረጥብ ጀመር። መጀመሪያ ወለሉ ራሰ፤ ቀጥሎ ጤፋችንን የያዘው ጎታ ከሥሩ ለስልሶ ወደ ጎን ዘመመ። ከዚያ የኋላው ግድግዳ ከታች በኩል ወጥ እንደነካው ዳቦ ይቆረስ ጀመር። እናቴ የአባቴን ዶማ አነሣች። እኔ እጇን ያዝኋት። የጎረቤታችን ሴትዮ አንዲት እንስራ አተላ ቦዩ ውስጥ ደፍታ ታስራ መውጣቷን አይቻለሁና ፈራሁ። እናቴም ፈራች መሰለኝ፤ ዶማውን መለሰችና «በይ እንግዲያ፣ የተማርሽ አንቺ ነሽ፣ ጻፊላቸው» አለችኝ።

ጻፍሁ። ከመሬት የሚፈልቀውን ውሃ ለጊዜው፣ እስከ ኅዳር ብቻ፣ በሕዝብ ቦይ እንድንለቅ ይፈቀድልን ብዬ ነው የጻፍሁት። «ለጊዜው» የሚለው ሥር አሰመርሁበት። ቀበሌ ስወስደው ቦዩ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ውሃው የወጣው ከቀበሌው መሬት ነው፣ ቀበሌው ይወስን አሉኝ። ተመልሼ ስሄድ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ሊቀመንበሩ መስክ ላይ ነው። የክረምት ዕረፍቴን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ የሮጥሁባቸው ቀኖች ዛሬም ያናድዱኛል። ውሃው ግን ስብሰባ የለበትም፤ ሌት ተቀን ይመጣል።

ሊቀመንበሩን በመጨረሻ አገኘሁት። የከተማው ልጅ ነው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ይተክል ነበር። በዚያ አልንቀውም፤ ሥራ ነው። የናቅሁት ማመልከቻዬን ሳያነብ ስለመለሰልኝ ነው።

«ጓድ መምህርት፣ በዓሉ ሳያልፍ አንዲት ጠብታ ቦዩ ውስጥ አትገባም» አለኝ። «ኖራ የቀባነው ጭቃ እንዲሄድበት ነው እንዴ? እንግዶች ይመጣሉ።»

«በዓሉ እስኪያልፍ ግድግዳው ቢወድቅብንስ?»

«ግድግዳ መልሶ ይሠራል» አለኝ። በዓልም በየዓመቱ መልሶ ይመጣል ልለው ነበር፤ ዋጥሁት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቀዳን። ጓዳው ውስጥ ጎድጎድ አድርገን ቆፈርንና የተጠራቀመውን በጣሳ እየጨለፍን በገንቦ እየሞላን ወደ ወንዝ መውሰድ ጀመርን። የእድር ሴቶች መጡ። ገንቦ አዝለው ከቤታችን ይወጡና፣ ነጩን ቦይ ተሻግረው፣ ቁልቁል ወርደው ወንዝ ይደፉታል። ዝናቡ ሲያባራ ቦዩ ደረቅ ነው፤ ውሃው በሴቶች ጀርባ በላዩ ያልፋል። ከዚያው መንገድ ማዶ ደግሞ ቦኖው ጋ ሴቶች ባዶ እንስራ ደርድረው ከጧት ጀምሮ ወረፋ ይጠብቃሉ። እኛን ሲያዩ መጀመሪያ ያበድን መሰላቸው። ኋላ አንዷ መጥታ ቀመሰችና ቀድታ ሄደች፤ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሏት። እናቴ ደስ አላት። «ይቅዱት፣ ይቅዱት፣ ለእኔም ጀርባዬን ያሳርፉልኛል» አለች። ግድግዳው ግን መቆረሱን አልተወም፤ እኛ ከምንቀዳው የሚፈልቀው ይበልጥ ነበር።

ጳጉሜን ሲገባ እናቴ የማመልከቻ ነገር በቃኝ አለች። ሽማግሌ እልካለሁ አለች።

በእኛ አገር ደም የተቃባ የሚታረቀው፣ ሴት ልጅ የምትጠየቀው፣ የኮበለለች ሚስት የምትመለሰው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደጁ ቆሞ እምቢ የሚል ሰው ነውረኛ ነው። እናቴም ለውሃው ሽማግሌ ላከች። ለቀበሌ ሽማግሌ እንደማይላክ እኔ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ከእኔ ማመልከቻ ምን ተገኘና ልከልክላት? ሦስት ሰው መረጠች፦ የነፍስ አባቷን፣ የእድራችንን ዳኛና ከእብናት በኩል ለገበያ የመጣ አጎቷን። ሦስቱም ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ በጧት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። እኔ ተከትያቸው መስኮቱ ሥር ቆምሁ።

ሊቀመንበሩ ወንበር አሳያቸው።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የነፍስ አባቷ።

እናቴ ምን እንደሚሉ ነግራቸው ነበር፦ ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ ባልቴት ናት፣ ልጇ አንዲት ናት፣ ለጊዜው ነው በሉ። መንገድ ላይ ግን ሐሳብ ለወጡ። ሰውዬው የከለከለው ቦዩ ይቆሽሻል ብሎ አይደል? እንግዲያውስ ውሃው ንጹሕ መሆኑን ካሳየነው ምን ምክንያት ይቀረዋል ተባባሉ። ደግሞም ሽማግሌ ሁሌ የለመደው እንዲያ ነው፤ ልጅ ሲጠይቅ የሙሽራውን ጉልበት አግንኖ፣ ዘሩን አሳምሮ ነው የሚናገረው። ሦስቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ሲሠሩ ኖረዋል።

«ጭቃ ነው ብለህ ነው አሉ የከለከልኸው» አሉ የእድሩ ዳኛ። «ጭቃ አይደለም፤ ማን እንዳሳሳተህ እንጃ። እንዲህ ያለ ጥሩ ውሃ በዚህ አገር አልታየም። ቀዝቃዛ ነው፤ ጠላ ሲጠመቅበት ጠጅ ነው የሚመስል።»

«እኛ አገር ቢሆን» አለ አጎቷ፣ «ይህን የመሰለ ውሃ ፍለጋ አህያ ጭነን ግማሽ ቀን ነው የምንሄድ።»

የነፍስ አባቷ ከጋቢያቸው ሥር ቅል አወጡ። ውሃችንን ይዘው መጥተው ኖሯል። አማተቡና ጠጡ። «እየው ልጄ፣ ይህ ኖራ የሚያበላሽ ውሃ ነው?» ብለው ቅሉን ዘረጉለት።

ሊቀመንበሩ ተቀብሎ ጠጣ። ቅሉን አየት አደረገና ደገመው።  ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ዘንዶው ሲወጣ በዓይኔ አየሁት።

«ይህ ሁሉ ውሃ አለ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አለ እንጂ! ሴቶቹ ቀድተው ቀድተው አልጨረሱትም!» አሉት፣ ሦስቱም ባንድ አፍ።

ከዚያ ወዲያ አልቻልሁም። ሽማግሌ በሚናገርበት የማይገባ ቢሆንም ገባሁ። «በኅዳር ይደርቃል!» አልሁ። «ማመልከቻው ላይ ጽፌዋለሁ። እርስዎም የዚህ ከተማ ልጅ ነዎት፣ ያውቁታል።»

«ጓድ መምህርት» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን የሚለውን አስተምረሽ የለም እንዴ?» አስተምሬ ነበር። ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፌ ነበር ያስተማርሁት።

የነፍስ አባቷ በቁጣ አዩኝ፤ ያሳመሩትን ነገር ላበላሽባቸው የመጣሁ መሰላቸው። ሊቀመንበሩ እስከ በሩ ሸኛቸው። ሦስቱም ቤት የገቡት እየተሳሳቁ ነው። «ከእጃችን ጠጣ! አብሮ የጠጣ ሰው እሺ ብሏል ማለት ነው» አሉ። እናቴ እልል አለች፣ ምርጥ ጠላዋን ቀዳች። እኔ የሰማሁትን ብነግራት «አንቺ ደግሞ ክፉ ክፉውን ነው የምታይ» አለችኝ። ያን ቀን ማታ ራትም አልበላሁ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ አንዲት እናት በጓዳቸው የተገኘውን ውሃ ለሰፊው ሕዝብ ሊያበረክቱ ሽማግሌ መላካቸውን ተናገረ። የከርሰ ምድር ውሃ የሕዝብ ሀብት ነው፣ በቦይ አይባክንም፣ ቤቱ ተነሥቶ በቦታው የውሃ ማደያ ይሠራል፣ ለእናትየዋ የቀበሌ ቤት ይሰጣል አለ። የምትደግፉ እጅ አውጡ አለ። ሕዝቡ እጁን አወጣ። ገንቦ ተሸክመውልን የነበሩት ሴቶች እጃቸውን አወጡ። የእድሩ ዳኛ ወደ መሬት እያዩ እጃቸውን አወጡ። በዚያ ዘመን እጁን ያላወጣ ሰው ምን እንደሚባል የምናውቅ ሰዎች ነን፤ እኔ ራሴ መምህርት ሆኜ በስንቱ ላይ አውጥቻለሁ። ግን ያን ቀን የእያንዳንዷን እጅ አየኋት። እስከ ዛሬ ሰላም ስባል አስቀድሜ የማየው እጅ ነው።

እናቴ ደግሞ ለመናገር እጇን አነሣች። «ኅዳር ላይ ይነጥፋል እኮ» ልትል ነበር፤ ኋላ ነግራኛለች።

«የቤቱ ባለቤትም እጃቸውን አውጥተዋል! በሙሉ ድምፅ!» አለ ሊቀመንበሩ። ተጨበጨበ። እናቴ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ቤቱ የፈረሰው ከመስቀል በኋላ ነው። በዘመቻ ነው የመጡት፤ ያው የሰፈሩ ሰው ነው፣ ግማሹ የአባቴ ቀብር ላይ የነበረ። ከእኔ በፊት ተነሥታ እናቴ ለእነሱ ንፍሮ ትቀቅል ነበር። ጠላም አውጥታለች። ደሜ ፈላ።

«ቤትሽን ለሚያፈርሱ?» አልኋት።

«ደጄ የመጣ ሰው ጦሙን ሄዶ አያውቅም» አለች። «ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው፤ ለምን ይጉደል?»

ቆርቆሮው ወረደ፣ ግድግዳው ተገፋ፤ ከኋላ በኩል ለመግፋት እንኳ አልደከሙም። ምሰሶው ግን አልነቃነቅ አለ። ወይራ ነው፣ አባቴ አጥልቆ ነው የተከለው። በገመድ ስበው ሲጥሉት እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ንፍሮ ትሰፍር ነበር። ከዚያ ሰዎቹ የአባቴ መደብ በነበረበት አፈር ላይ ቁጭ ብለው በሉ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። አንዱ ብቻ፣ ያውም ልጁን ፊደል ያስቆጠርሁለት ሰው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጣሳውን መለሰላት። እናቴም «አብሮ ይስጥልን» አለችው። እኔ ብሆን ጣሳውን ፊቱ ላይ እደፋበት ነበር። አልሆንሁም እንጂ፤ ቆሜ አየሁ እንጂ።

ጥቅምት ላይ የሲሚንቶ ገንዳ ተሠራ፣ ቧንቧ ተቀጠለበት። ከአውራጃ የመጣ ሰው ሪባን ቆርጦ በብርጭቆ ጠጣ። እናቴን ከፊት አስቀመጧት። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ተሰጥቶን ነበር፤ የአንደኛው ክፍል መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው ያንኑ ገንዳ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወረፋው እስከ መንገድ ደርሶ ነበር፤ ሴቶቹ እናቴን ይመርቋት ነበር። ኅዳር ሲገባ ውሃው እንደ ክር ቀጠነ። ወሩ ሳያልቅ ቆመ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሉ ልንገራችሁ። አሻጥር ነው አሉ። አብዮት ጠባቂዎች ቤታችን መጥተው ውሃውን ከላይ የጠለፈ ሰው ታውቂ እንደሆነ ብለው እናቴን ጠየቋት። «ኅዳር ነዋ» አለቻቸው።  ማታ ግን ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። «ለሁለት ወር ውሃ ብለው ነው?» አለችኝ። «ለሁለት ወር ነው ቤቴን?»  ሊቀመንበሩን ጠላሁት፣ ሽማግሌዎቹን ጠላኋቸው፣ ያጨበጨበውን ሁሉ ጠላሁ፤ ጥላቻው ግን እናቴን ቤት አልሆናትም።

ዓመቱ ዞረ። ያም ክረምት ከባድ ነበር። ነሐሴ ላይ ውሃው ከገንዳው ሥር እንደ ልማዱ መጣ፤ የሚቀዳው ሞልቶ ተረፈና ከታች ወዳለው የቀበሌ መጋዘን ግድግዳ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ጧት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ዶማ ይዘው መጡ። እናቴና እኔ ደጃፋችን ላይ ቆመን አየናቸው። ከገንዳው ሥር ጀምረው፣ አባቴ ድሮ በሚቀድድበት በዚያው መስመር፣ ወደ ቦዩ አንድ ቀጭን ፈሰስ ቀደዱ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረሱ። ውሃው እየተንደረደረ ቦዩ ውስጥ ገባና ቁልቁል ወረደ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እነሱ ሄደች። የተቆጣች አልመሰለችም፤ የምር ልታውቅ የፈለገች ነበር የምትመስለው።

«ልጆቼ፣ ፈቃዱን ከማን አገኛችሁት?» አለቻቸው። «ከቀበሌ ነው ከማዘጋጃ ቤት?»

ልጆቹ ተያዩና ሳቁ። «የምን ፈቃድ እማማ?» አላት አንዱ፣ ዶማውን እያራገፈ። «ውሃ አይደል እንዴ፣ ይሂድ።»